ከልካይ ቢመጣ

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከላስቲክ ዳሴ ውስጥ፣
ሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ ሲሸጡ ስጽፍ፣ ሲለውጡ ስለውጥ።
ስንቱን ቤት አሻገርኩ ከሰው ወደ ሰው እጅ፣
የኔ የምለው ግን አንድም የለ፣ ሣጥኔም ያለው ከሰው ደጅ።

የአባቴ አባት ደብተራ ነበር። ድሮ እዚሁ ጎንደር
ሽያጭ በወንጌሉ ኅዳግ ነበር የሚሰፍር፣
«ይህን ያፈረሰ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን» ተብሎ፤
ዛሬ ግዝቱ ቀርቷል፣ የሕግ ቁጥር ገብቷል ተተክሎ።

ያን አንቀጽ ጣቴ ያውቀዋል፣ ዓይኔን ጨፍኜ እመታዋለሁ፦
«በዚህ ቤት ላይ ከልካይ ወይም ተከራካሪ ቢመጣ
እኔ ሻጭ ቀርቤ መልስ እሰጣለሁ፤
ባልመልስ ገንዘቡን ከነኪሣራው እከፍላለሁ።»
አራት ነጥብ። ማኅተም። የጣት አሻራ።
ያ ከልካይ ማን እንደሆን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣
ስሙን፣ የሚመጣበትን ተራራ።

ማክሰኞ መጡ፣ ካፊያው ሳያባራ፣
ወይዘሮ አንጓች ፈረደ፣ ከገዢው ጋራ።
ገዢው አዛናው ነው፣ አውቶ ፓርኮ በር ላይ
የባጃጅ ዕቃ ይሸጣል፤ ጨዋ ልጅ፣ ግን ሰዓቱን የሚያይ።
ቤቱ ቸቸላ ነው፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ካሬ፣
ካርታው በስማቸው፣ ግብሩ የተከፈለ እስከ ዛሬ።
እማኞች ሦስት ናቸው፦ ጎረቤት፣ ደላላ፣
አንዱ ደግሞ ከመንገድ የተጠራ፣ ጃንጥላው የላላ።

አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙ።
«ከልካይ ቢመጣ» ስል፣ ነጠላቸውን ይዘው ቆሙ።
«ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት።
«እስቲ አንዴ» አሉኝ። ለሦስተኛ አነበብኩት።

«ማነው እሱ?»
«ማንም አይደል እማማ፣ የሕግ አነጋገር ነው፤
ቤቱ የኔም ነው ብሎ ድንገት ብቅ የሚለው።»
«ብቅ የሚለው...» ቃሉን ባፋቸው ያዙት፣
እንደሚሳሱለት ፍሬ፣ ሳይተፉት፣ ሳይውጡት።

«ወንድም ነበረኝ፤ ተገኘ ይባላል።
ስሙን ያወጣው አባቴ ካፈር ሥር ሆኖ ያፍራል።
በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣
ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ፣ ደረጃው እንዳይናገርበት።
ሦስተኛው ድንጋይ ላልቷል፣ ሲረገጥ ያንኳኳል፤
ያን ሌሊት ግን ዝም አለ። ድንጋይም ያደላል።
አላስጠገንኩትም።»

አቤቱታውን አስታወስኩ፤ የጻፍኩት እኔው ነበርኩ፣
«ደብዛው ስለጠፋ» ብዬ ከላይ ያሰመርኩ።
በጋዜጣ ተጠራ። በቀጠሮው አልቀረበም።
ያለበት አገር ይሆናል፣ ጋዜጣ አይደርስም።
«ያኔም ፈረምኩ፣» አሉ፣ «ውርሱ ዞረ በስሜ፤
እንዲህ ነው፣ ያለ ሙሾ፣ በማኅተም የሞተው ወንድሜ።»

ደላላው መሬት አየ። ኮሚሽኑ ነው የሚታየው።
አዛናው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሰዓቱን ረሳው።
«እና... እማማ... ቢመጡስ?»

ሳቁ። እኔ እንዲያ ያለ ሳቅ
ከዚህ አጥር ሥር ሰምቼ አላውቅ።
«ቢመጣማ ልጄ! ያ ድንጋይ ካንኳኳ
በሌሊትም ቢሆን መጥተህ በሬን አንኳኳ፤
አዘዞ ነው የምኖር፣ ከእህቴ ልጅ ጓሮ።
ገንዘብህን ከነወለዱ፣ ከነኪሣራው ቆጥሮ
ይሰጥሃል እጄ። ባይበቃ ድሪዬን፣
ባይበቃ ለምኜ፣ ዘርግቼ ነጠላዬን።
ብቻ ይምጣ ይክሰሰኝ። ቀማሽኝ ይበለኝ።
ዳኛ ፊት ያቁመኝ፣ ፊቱን እያየሁ ይርታኝ።»

ስንት ሻጭ አይቻለሁ፣ ያን አንቀጽ ሲሸሸው፣
ጠበቃ ጠርቶ ሲያሳጥረው፣ በ«ምናልባት» ሲያለሰልሰው፤
ዕዳው እንዲመጣበት የሚሳል ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣
አላየሁም።

«አንድ ነገር ጨምር፣» አሉኝ፣ ቀለም የነካ ጣታቸው እንዳለ፣
«ደረጃውን እንዳያስጠግን።»
እንዲህ ያለ አንቀጽ ሕግ አያውቅም ልል ስል፣
አዛናው «ጻፈው» አለ።
ጻፍኩት። ተራ ቁጥር ዘጠኝ።

ዋጋዬን ሲሰጡኝ፣ ዝርዝር አጥቼ ኪሴን ስዳስስ፣
«ተወው፣» አሉኝ ሲወጡ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የኔ ዕዳ ነው መልስ።»